የሚበትነው ጠመንጃ

መምህር ምስክር በስልሳ አራት ዓመቱ ተኩስ ሊማር ተነሣ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ጠመንጃ አያያዝ የሚያውቀው ጢሙ ሳይበቅል ነው። እሱ ግን ጢሙ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ያለ መነጽር የገዛ እግሩን ጣቶች ለመቁጠር ከተቸገረ በኋላ አማረው። ሰው እንዳይስቅበት ፈርቶም ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ የመጣው ከበቆሎ ነው። የሚኖርባት መንደር ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ናት። ከበታቿ ገደል አለ፤ ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮና ከርከሮ አለ፤ ከገደሉ አፋፍ እስከ መንደሩ ጓሮ ድረስ ደግሞ በቆሎ ነው። መስከረም ላይ እሸቱ ሲደርስ ቀን ዝንጀሮው፣ ማታ ከርከሮው ይወጣል። ስለዚህ መንደሩ በተራ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ አንድ ሰው ያወጣል፤ የወጣውም ሰው አፋፉ ላይ ከቆሙት ሦስት ማማዎች በአንዱ ላይ ሆኖ፣ ያለው በጠመንጃ፣ የሌለው በወንጭፍና በጅራፍ፣ ሁሉም ግን በጉሮሮው እየጮኸ ይጠብቃል። ተራ ያለው ሰው የመንደሩ ሰው ነው። አቅም የሌላት ባልቴትና የታመመ ሰው ማሳቸው እንዲሁ ይጠበቅላቸዋል፤ ከእነሱ የሚፈለገው ምርቃት ብቻ ነው። መምህር ምስክርን የመደቡት ከነዚህ ጋር ነበር።

አገሩ ወሎ ነው፤ ወረኢሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፍኖተ ሰላም ሂሳብ ሊያስተምር መጥቶ፣ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ወለተ ሐና የምትባል ነርስ አገባ። ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ እሷ «የአባቴ መሬት ጦም ከሚያድር» ብላ ወደ መንደሯ ይዛው መጣች። ሁለት ዓመት ደኅና ኖሩ። እሱ አረም መንቀል ተማረ፤ በቆሎ ከማሽላ መለየትም ቻለ፤ ወለተ ሐናም በየምሽቱ እጁ ላይ የቋጠረውን ውኃ እያየች ሳቀችበት። ካቻምና ሰኔ ላይ ወገቤን ብላ ተኛች፤ በሐምሌ አቦ ቀበሯት።

እስከ አርባዋ ድረስ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። ከአርባዋ ማግስት ግን ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ክረምት ነበር፤ አረሙ ሰው አያስተዛዝንም። ምስክር ብቻውን ቀረ። ብቸኝነቱን እንዴት እንደሚኖረው ግራ ገባው። ቁርሱን ቆሞ ይበላል። ምሳውን ይረሳል። ማታ ማታ ከፍኖተ ሰላም በካርቶን አሽጎ ያመጣውን የድሮ የፈተና ወረቀት እያወጣ እንደገና ያርማል፤ የሃያ ዓመት ስሕተት ያገኛል፤ ለአንዱ ሁለት ነጥብ፣ ለሌላዋ ግማሽ ነጥብ ይጨምርላቸዋል። ቡሬ ገበያ ሲወጣ «ቲቸር!» ብሎ ሰላም የሚለው አይጠፋም፤ ግን ሰላም ብሎ ያልፋል። ሰው በእሱ ዕድሜ ይህን ያህል የሰው ናፍቆት ይይዘዋል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

የመንደሩ የጥበቃ አለቃ ቸኮለ ነው። የወለተ ሐና ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቤተ ሰቡ ትውልዱ ከአዊ ስለሆነ እርስ በርሳቸው በአውኝኛ ያወራሉ፤ ምስክር ሲገባ ቶሎ ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ትሕትና ነበር። ምስክር ግን በሩ ላይ ሳለ ስለ እሱ ሲያወሩ የነበሩ ይመስለዋል። እርግጥም ስለ እሱ ነበር የሚያወሩት፤ ያላወቀው ምን እንደሚሉ ነው።

በበኩሉ የሚሉትን ገምቶ ጨርሷል። መሬቱ የአባታቸው የባምላኩ ነው፤ እህታቸው ሞታለች፤ ልጅ የለም፤ ይህ ወሎዬ እስከ መቼ ይቀመጥብናል ይላሉ ብሎ ነው የሚያስበው። ለግምቱ ማስረጃ አላጣም። የቸኮለ ሚስት ደስታነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ ዳቦውን አስቀምጣ ግን አትሄድም፤ መኝታ ቤቱን ገልጣ፣ መደርደሪያውን አይታ፣ እሱንም ከላይ እስከ ታች አይታ ነው የምትወጣው። ዕቃ የምትቆጥር ነው የሚመስለው። ቸኮለም በጥር መጥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ጠመንጃ እያየ «እኔ ቤት ላኑረው ይሆን መምህር? እዚህ ይዝጋል» ብሎት ነበር። ምስክር ደሙ ፈላ። «አይዝግም» አለው። ዛሬ ጠመንጃ፣ ነገ በሬ፣ ከነገ ወዲያ መሬት ብሎ አሰበ።

ጠመንጃው ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ነው። እንደ ሌላው ጠመንጃ አንድ ጥይት አይወረውርም፤ አንድ ቀለህ ውስጥ የታጨቀ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ነው የሚተፋው፤ እርሳሱም እየራቀ ሲሄድ እየተበተነ ይሄዳል። ሟቹ ባምላኩ ቆቅና ጅግራ ያድኑበት ነበር።

እንግዲህ ከመስቀል ማግስት መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰብስቦ ተራ ሲደለድል ምስክር ተነሥቶ «እኔስ?» አለ።

«እርስዎማ አርፈው ይተኙ እንጂ መምህር!» አለ ቸኮለ። «እኛ እያለን?»

«ጠመንጃ አለኝ እኮ።»

ቸኮለ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። «እሱን ነው የፈራሁ። ያ ጠመንጃ ይበትናል። እርስዎ ዝንጀሮ ብለው ሲተኩሱ አጠገብ ካለው ማማ ሰው ቢያገኙ ምን ይውጠናል?»

«እውነት ነው፣ ይበትናል» አሉ ሰዎቹ። ሁሉም ባንድ አፍ ነው የተናገሩት፤ ሁሉም ደግሞ መሬት መሬት ያዩ ነበር። «በሚመጣው እሑድ ተራው ይጸድቃል፤ እስከዚያ በአምናው ተራ እንጠብቅ፤ ሐሳብ ያለው ያምጣ» ተብሎ ተበተኑ።

ምስክር ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ቁርጡን ለራሱ ነገረው። በሚመጣው እሑድ ተራ ካልሰጡት መሬቱን ለቸኮለ አስረክቦ ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ቤት ይከራያል። እዚያ ቢያንስ ጎረቤት ቢተወው ስለማያውቀው ነው። እዚህ ግን እያወቁት ነው የተዉት።

ግን ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ማስረጃህን አሳይ» ሲል የኖረ ሰው «ይበትናል» ብለው ሲያሰናብቱት ዝም ብሎ አይተኛም። ስንት ይበትናል? በስንት እርምጃ? ከማማ ማማ ያለውን ርቀት ዕለቱን ሄዶ ለካው፤ መቶ አርባ እርምጃ ሆነ። የቀረው ጠመንጃውን መለካት ነው። ቡሬ ወርዶ፣ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጠመንጃ እንዴት እንደሚፈትኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አየ። ነገሩ ቀላል ነው። ሰፊ ወረቀት ትወጥራለህ፤ ርቀቱን ለክተህ ትተኩሳለህ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ክብ ሥለህ ክቡ ውስጥ የገባውን ቀዳዳ ትቆጥራለህ። ለመቁጠርማ እሱን የሚያህል ማን አለ!

የባምላኩ ሣጥን ውስጥ ሰባት ጥይት ቀርቶ ነበር። አንዱን በቢላ ከፍቶ ውስጡን ሰሃን ላይ ዘረገፈው። እርሳሶቹ ከጎመን ዘር ይተልቃሉ፣ ከምስር ያንሳሉ። በክብሪት እንጨት እየገፋ ቆጠራቸው፤ መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው። እንደገና ቆጠረ፤ መቶ ስድሳ ስምንት። ደስ አለው። ከካቻምና ሰኔ ወዲህ እርግጠኛ የሆነበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ወረቀቱን ከፈተና ወረቀቶቹ ሠራው። ጀርባቸውን እያዞረ በዱቄት ሙጫ አጣብቆ እያንዳንዳቸው የሰሌን ምንጣፍ የሚያክሉ ሦስት ወረቀቶች አወጣ። ሙጫው ሳይደርቅ አንዱን ጉንዳን ወርሮት አደረ፤ እሱን ጣለውና ሌላ ሠራ።

ሐሙስ ጧት፣ ጤዛው እንደረገፈ፣ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ከቤቱ በታች ወዳለው ቦረቦር ወረደ። ከቦረቦሩ ጀርባ ሰው የሚያልፍበት መንገድ የለም፤ ቀይ አፈር ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ ወረቀቱን ወጠረ። ሃያ አምስት እርምጃ ቆጥሮ በእግሩ ጣት መስመር አሰመረ። ጥይቱን አገባ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቷል። ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ አወረደ፣ እንደገና አደረገ። ቪዲዮው «ትከሻህ ላይ አጥብቀህ ያዝ» ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ጠመንጃው እንዳይመታው ብሎ ትንሽ አራቀው። ሁሉም ጀማሪ የሚሠራት ስሕተት ናት። ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ።

ድምፁ ምድርን ሰነጠቃት። ጠመንጃው እንደ በቅሎ ረግጦት በቂጡ አስቀመጠው። መነጽሩ ሣር ውስጥ ገባ፤ ጆሮው ጭው አለ፤ ከዛፉ ላይ ወፍ ሁሉ ተነሣ። የገደል ማሚቶው ድምፁን ከአፋፍ አፋፍ እየተቀባበለ ወስዶ ወስዶ ጨረሰው። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ምስክርም ትከሻውን እያሻሸ እዚያው ተቀምጦ ብቻውን ሳቀ። ተኮሰ እኮ!

መነጽሩን ፈልጎ አግኝቶ ወደ ወረቀቱ ሮጠ። ወረቀቱ ተበሳስቷል። ምስክር ከመካከሉ ሚስማር ሰክቶ፣ ክር አሥሮ፣ ክቡን ሠራ። ተንበርክኮ በቀይ እስክሪብቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እያረመ መቁጠር ጀመረ። ክቡ ውስጥ ዘጠና ሰባት። ከክቡ ውጭ፣ ወረቀቱ ላይ፣ አርባ አንድ። የቀረው ሠላሳ ወረቀቱን ስቶ አፈር ገብቷል። ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ከክቡ በስተግራ ከታች መዳፍ የምታህል ቦታ አንድም እርሳስ ሳይነካት ንጹሕ ሆና ቀርታለች። ለምን? ጠመንጃው ነው ወይስ ተኳሹ? አንድ ተኩስ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በሠላሳ አምስት እርምጃ፣ ከዚያም በሃምሳ። እሑድ ወረቀቶቹን ይዞ ሄዶ ሰው ሁሉ ፊት ይዘረጋቸዋል። ልቡ በሐሴት ሞላ።

«እይልኝ ወለቴ» አለ ጮክ ብሎ። «ዘጠና ሰባት።»

ደስታው እዚያው ላይ በረደ። ሰው ደስ ሲለው የሚነግረው ካጣ ደስታው ከሐዘን ይብሳል፤ ምስክር ይህን በዚያች ደቂቃ እስክሪብቶ በእጁ እንደያዘ ተንበርክኮ አወቀው።

ከላይ፣ ከቤቱ በኩል፣ ሰው ሲጮህ ሰማ።

«ምስክር! ምስክር!»

የቸኮለ ድምፅ ነው። ቸኮለ በሠላሳ ዓመት ውስጥ መምህር ሳይል ስሙን ጠርቶት አያውቅም። የቤቱ በር ሲበረገድ፣ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ከዚያ ባዶ እግር ቁልቁለቱን ሲመታ። ምስክር አፈረ። ያዙኝ፣ ሊስቁብኝ ነው ብሎ ጠመንጃውን ጋቢው ውስጥ ሊደብቅ ሲሞክር ቸኮለ ቦረቦሩ አፍ ላይ ደረሰ።

አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ጅራፉን እንደያዘ ነው። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ምስክርን አየው። ወረቀቱን አየው። እንደገና ምስክርን አየውና አፈሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«አሉ?» አለ።

«አለሁ እንጂ» አለ ምስክር ግራ ተጋብቶ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ተመልከት ቸኮለ። ይበትናል ያላችሁት ይኸው ነው። በሃያ አምስት እርምጃ ከመቶ ስድሳ ስምንቱ ዘጠና ሰባቱ ከዚህች ክብ አይወጣም። ከማማ ማማ ደግሞ መቶ አርባ እርምጃ ነው። ገና አልጨረስሁም፤ በሃምሳም እሞክራለሁ፤ ግን...»

«ጥሩ ነው» አለ ቸኮለ። ወረቀቱን አላየውም። «እኔ ዝንጀሮ የወጣ መስሎኝ ነው። ተኩስ ስሰማ ዝንጀሮ መስሎኝ...»

ምስክር አሻግሮ ወደ እርሻው ተመለከተ። ቸኮለ ጓያ ሊዘራበት የሚያርሰው ማሳ ከቦረቦሩ ማዶ ይታያል። በሬዎቹ እንደተጠመዱ፣ ሞፈሩን እየጎተቱ፣ ያለ ሰው የጎረቤት በቆሎ ውስጥ ገብተው እየበሉ ነው። ለዝንጀሮ ብሎ በሬውን ጠምዶ የሚተው ገበሬ በዚያ አገር አልተወለደም። ይህን የወረኢሉ ልጅም ያውቃል።

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የተሰማው። ደስታነሽ ናት። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አሥራ፣ ደረቷን እየመታች በቁልቁለቱ ትወርዳለች።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ምነው ብቻውን! ምነው ሰው እንደሌለው ብቻውን!»

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ምስክር ደንግጦ።

ቸኮለ ፊቱን ወደ አፈሩ ግድግዳ አዞረ። ደስታነሽ ቦረቦሩ አፍ ላይ ደርሳ ምስክርን ቆሞ ስታየው እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ለቅሶው አፏ ውስጥ ተቆረጠ። ፊቷ እንባ በእንባ ነው። ምስክርም ያን ፊት ሲያይ ማን እንደሞተ ገባው።

እርሳሱ የበሳው ወረቀት ከኋላው በነፋሱ ይርገበገባል። «እኔ?» አለ። «እኔን ነው የምታለቅሱት?»

ያን ጊዜ ደስታነሽ ተቆጣች። እንዲህ ያለ ቁጣ ከልብ የደነገጠ ሰው ብቻ ነው የሚቆጣው። «ማንን ልናለቅስ ኖሯል ታዲያ! ዓመት ሙሉ ነው እኮ ይችን ተኩስ ስንጠብቅ የኖርን! ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዤ የምመጣው የርስዎ ሆድ ዳቦ አጥቶ መሰለዎት? በሕይወት መኖርዎን ለማየት ነው እንጂ የምመጣው! አልጋዎን አይቼ፣ ተኝተውበት ካደሩ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ነው የምመለሰው!»

«ደስታነሽ» አለ ቸኮለ።

«ተወኝ! አንተም ይዝጋል፣ ይበትናል እያልህ ዙሪያውን ዞርህ። አንዱን ቀን አፍ አውጥተህ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?» አለችና ባሏንም ምስክርንም ትታ፣ ነጠላዋን እየፈታች፣ በሬዎቹን ከበቆሎው ልታወጣ ሄደች። ከባሏ ይልቅ በሬዎቹ ይሰሟታል።

ሁለቱ ወንዶች ቀሩ። ምስክር ከቸኮለ ጎን አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃው በመካከላቸው ጋቢው ላይ ተጋድሟል።

«እንግዲያ ጠመንጃው አይበትንም» አለ ምስክር።

«ይበትናል ወይም አይበትንም፤ እኔ ምን አውቃለሁ። አባቴ ነው ያውቀው የነበረ» አለ ቸኮለ። «ማማ ላይ ሰው ብቻውን ነው የሚያድር። ጠመንጃ ይዞ፣ በጨለማ። ሰው ሁሉ 'መምህርን እዚያ አታውጣ' አለኝ። እኔም አላወጣም አልሁ። ፊትዎን ያዩታል? መስታወት አያዩም እንዴ? ከእህቴ ጋር አብረው የተቀበሩ ነው የሚመስሉት።»

ምስክር ዓመት ሙሉ መሬቱን ሲያሰሉ፣ ዕቃውን ሲቆጥሩ፣ ከተራ ሲያስወጡት ነበር ያየው። ስሌቱ ከመነሻው ስሕተት ነበር፤ ለራሱ አንድ ነጥብ እንኳ አይሰጠውም።

«መምህር» አለ ቸኮለ። አሁን ፊቱን አዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በእመቤቴ እውነቱን ይንገሩኝ። በርግጥ ለዚያ አልነበረም የወረዱት?»

«አይ» አለ ምስክር። «ዛሬ አይደለም።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሊመልሰው ፈልጎ ነበር፤ ግን እውነት ነበርና አልመለሰውም። ቸኮለም አልደነገጠም። ጅራፉን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«መቼ ነበር?» አለ።

«በሐምሌ። ሙት ዓመቷ ያለፈ ሰሞን፤ ያ ሳምንቱን ሙሉ የዘነበ ጊዜ። አንድ ማታ ከግድግዳው አውርጄ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ተቀመጥሁ። ጥይትም አላገባሁ። እንዲሁ ይዤው ተቀመጥሁ። ሲነጋ መልሼ ሰቀልሁት።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። «ለማንም አልተናገርሁም።»

«የዚያን ማታ እኔ በርዎ ላይ ነበርሁ» አለ ቸኮለ።

ምስክር መነጽሩን መጥረግ ተወ።

«መብራትዎ አልጠፋ አለኝ። ከቤቴ ሆኜ አየዋለሁ፣ አይጠፋም። እኩለ ሌሊት ሆነ፣ አይጠፋም። ጎርፉን ተሻግሬ መጣሁና ከበሩ ላይ ቆምሁ። ምን ብዬ ልግባ? 'ሊሞቱ ነው ወይ' ብዬ ልግባ? እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ገበሬ ነኝ፤ ይቆጡኛል አልሁ። እጄን ለማንኳኳት አንሥቼ እመልሳለሁ፣ አንሥቼ እመልሳለሁ። ጠመንጃውን መልሰው ሲሰቅሉት ብረቱ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ሄድሁ።»

«እስኪነጋ?»

«እስኪነጋ።»

«በዚያ ዝናብ?»

«በዚያ ዝናብ።»

ከበቆሎው ውስጥ ደስታነሽ በሬዎቹን ስትሰድብ ይሰማል።

«በሩ እኮ አልተቀረቀረም ነበር» አለ ምስክር። «ከሷ ወዲህ ቀርቅሬው አላውቅም።»

«አላወቅሁም» አለ ቸኮለ። «አላወቅሁም መምህር። ክፍት መሆኑን ባውቅ እገባ ነበር።»

ምስክርም ያን ጊዜ አለቀሰ። ወለተ ሐና ከተቀበረች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም፤ አሁን እንደ ሕፃን ትከሻው እየተርገፈገፈ፣ ጠመንጃው የመታው ትከሻ እያመመው፣ አለቀሰ። ቸኮለ አላባበለውም። እንባውን እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ምስክር አምስቱን ጥይት ከኪሱ አውጥቶ ጋቢው ላይ አኖራቸውና ጋቢውን ከነጠመንጃው ወደ ቸኮለ ገፋው። ቸኮለ ጠመንጃውን ከፈተ፤ ሳይተኮስ የቀረ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጦ ዘጋው።

«ዛሬ የላይኛው ማማ የኔ ተራ ነው» አለ። «ልጄ ባሕር ዳር ለትምህርት ሄዷል። ብቻዬን ነው የማድር። ሁለት ብንሆን ደስ ይለኛል።»

«ጠመንጃ ሳልይዝ ምን እሠራለሁ?»

«መጮህ ነው። ከርከሮ ከጥይት ይልቅ የሰው ድምፅ ነው የሚፈራ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ጉሮሮዬ ደክሟል፤ እርስዎ ክፍል ሙሉ ተማሪ ላይ ሲጮሁ የኖሩ ሰው ነዎት።»

ምስክር በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። እንደ ልማዱ ነገሩን በደንብ ሳያውቅ እሺ ማለት አልሆነለትም።

«ሌሊቱን ሙሉ ምን እያልሁ ነው የምጮኸው?»

«ያሻዎትን ይበሉ» አለ ቸኮለ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየተነሣ። «እኔ እሰማለሁ።»